የባዮሎጂ ክፍል ደንብና ታሪኩ
(በራዲዮ የተደረገ ንግግር)



በብዙ አገሮች የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ወደ ባዮሎጂ ክፍል በገባበት በመጀመሪያው ሰሞን ከመጽሐፉ አስቀድሞ የሚሰጠው አንድ ወረቀት ነው። በወረቀቱም ላይ፤ «በክፍሉ ውስጥ መብላትና መጠጣት ክልክል ነው፤ የዓይን መከላከያ ሳታደርግ ሙከራ አትጀምር፤ ሥራህን ስትጨርስ እጅህን በሳሙና ታጠብ፤ ያየኸውን ነገር በደብተርህ ላይ በእርሳስ ሣል፤ የጓደኛህን ሥዕል አትቅዳ» የሚሉና እነዚህን የሚመስሉ ትእዛዞች ተዘርዝረዋል። ከግርጌውም ተማሪውና ወላጁ የሚፈርሙበት ቦታ ይገኛል። ወላጅ ግን ከመሥሪያ ቤቱ ደክሞ የተመለሰ ነውና፣ አብዛኛውን ጊዜ ወረቀቱን ሳያነብ ፈርሞ ይመልሰዋል።

እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ቀኑን ሙሉ ደንብ ስናረቅ፣ ደንብ ስንተረጕምና ደንብ ስናስፈጽም የምንውል ነን። ሆኖም ልጃችን ያመጣው ያ አንድ ገጽ ወረቀት የራሱ ታሪክ እንዳለው የምናስብ ብዙዎች አይደለንም። በእውነቱ ግን ከወረቀቱ በስተኋላ የመቶ ሃምሳ ዓመት ታሪክ አለ። በዚያም ታሪክ ውስጥ ታላላቅ ሊቃውንት፣ የሕግ አውጭዎች፣ ዳኞችና ተራ አስተማሪዎች ተሰልፈዋል፤ የተሟገቱበትም ጉዳይ ተማሪ በገዛ ዓይኑ አይቶ እንዲመሰክር ይፈቀድለት ወይስ አይፈቀድለት የሚለው ነው። የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ነገር ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ታሪኩ የሚጀምረው በእንግሊዝ አገር ነው። ቶማስ ሄንሪ ሀክስሊ በ1825 ዓ.ም. ተወለደ። አባቱ የሒሳብ አስተማሪ ቢሆንም፣ ልጁ በትምህርት ቤት የተቀመጠው ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ነበር፤ የቀረውን ዕውቀት ያገኘው በራሱ ንባብ ነው። በኋላም የሕክምና ትምህርት ተምሮ፣ «ራትልስኔክ» በተባለች የጦር መርከብ ላይ በረዳት ሐኪምነት ተሹሞ ከ1846 እስከ 1850 ዓ.ም. ድረስ ወደ አውስትራሊያ ባሕሮች ተጓዘ። በዚያም ከባሕር የሚወጡትን ልስልስ እንስሶች በማይክሮስኮፕ እየመረመረ ያየውን ይጽፍና ይሥል ነበር። ከተመለሰ በኋላ በ1854 ዓ.ም. ሎንዶን በሚገኘው የማዕድን ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነ።

በዚያ ዘመን ስለ እንስሳትና ስለ ዕፀዋት የሚሰጠው ትምህርት ከንግግር የሚያልፍ አልነበረም። አስተማሪው ከሰገነቱ ላይ ቆሞ ይናገራል፤ ተማሪውም ቁጭ ብሎ የሰማውን ይጽፋል፤ ለፈተናውም በቃሉ ይዞ ይቀርባል። ስለ እንቁራሪት ልብ የተጻፈውን ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያውቅ፣ የእንቁራሪትን ልብ ግን አንድ ቀን እንኳ አይቶ የማያውቅ ሰው የምስክር ወረቀት ይቀበል ነበር። ሀክስሊን ያስጨነቀው ይህ ነው፤ ትምህርት ቤቱም ተማሪዎች እየነኩ የሚማሩበት ቦታ አልነበረውም።

በ1870 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት ስለ ሕዝብ ትምህርት አዲስ ሕግ በማውጣቱ ብዙ አስተማሪ አስፈለገ። በሚቀጥለው ዓመት በ1871 ዓ.ም. በጋ ሀክስሊ በደቡብ ኬንሲንግተን ለአስተማሪዎች የተዘጋጀ አጭር የባዮሎጂ ትምህርት ከፈተ። የትምህርቱ ሥርዓት እንዲህ ነበር፤ በመጀመሪያ ሀክስሊ ስለ አንድ ፍጥረት ንግግር ያደርጋል፤ ከዚያ በኋላ ተማሪዎቹ ወደ ጠረጴዛቸው ሄደው ያንኑ ፍጥረት በማይክሮስኮፕና በመቅደጃ እየመረመሩ፣ የተነገራቸው ነገር እውነት መሆኑን ወይም አለመሆኑን በገዛ ዓይናቸው ያረጋግጣሉ። እነዚያ በየትምህርት ቤታቸው የተከበሩ አስተማሪዎች እንደ ገና ተማሪ ሆነው፣ ጎንበስ ብለው የእርሾን ጠብታ ሲመለከቱ መዋላቸውን ስናስብ ነገሩ ያስደንቃል።

በ1875 ዓ.ም. ሀክስሊ ከረዳቱ ከሄንሪ ኒዌል ማርቲን ጋር ሆኖ ይህን ሥርዓት በመጽሐፍ አወጣው። መጽሐፉ ከእርሾ ይጀምራል፤ በሻጋታ፣ በፈርንና በባቄላ በኩል አልፎ፣ በመጨረሻ በእንቁራሪት ላይ ያበቃል። በየምዕራፉ ተማሪው ምን ማድረግና ምን መፈለግ እንዳለበት ተራ በተራ ተነግሮታል። የዛሬው የባዮሎጂ ክፍል ደንብ አንዱ ሥር ይህ መጽሐፍ ነው። ማርቲንም በ1876 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ተሻግሮ፣ አዲስ በተከፈተው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ ፕሮፌሰር ስለ ሆነ፣ ሥርዓቱን በዚያም ተከለው።

በአሜሪካ ግን ሁለተኛው ሥር ቀድሞ በቅሎ ነበር። ትውልዱ የስዊስ ሰው የሆነው ሉዊ አጋሲ በ1846 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ሄዶ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። ሳሙኤል ስከደር የተባለው፣ በኋላ በሦስት አጽቄዎች ጥናት ስመ ጥር የሆነው ሊቅ፣ ወደ አጋሲ ለመማር በሄደበት ቀን የደረሰበትን ጽፎ ትቶልናል። ፕሮፌሰሩ ከአልኮል ማሰሮ አንድ ዓሣ አውጥቶ ፊቱ አኖረለትና ተመልከተው ብሎት ሄደ። ወጣቱ በዐሥር ደቂቃ ውስጥ የሚታየውን ሁሉ ያየ መሰለው። ፕሮፌሰሩ ግን ቶሎ አልተመለሰም። አጉሊ መነጽር መጠቀም ክልክል ነበር፤ የተፈቀዱለት ሁለቱ ዓይኖቹና ሁለቱ እጆቹ ብቻ ነበሩ። ሰዓቱ አልፈጅ ቢለው ዓሣውን መሣል ጀመረ፤ መሣል በጀመረም ጊዜ ቀድሞ ያላያቸውን ነገሮች አየ። አጋሲ ተመልሶ ከሰማው በኋላ፣ በጣም ግልጽ የሆነውን ነገር ገና አላየህም አለውና ደግሞ እንዲመለከት አዘዘው። እንዲህ እየሆነ ሦስት ቀን ሙሉ በአንድ ዓሣ ላይ ዋለ። ስከደር ስለ ሦስት አጽቄዎች ከተማረው ሁሉ የበለጠው ያ ትምህርት እንደ ሆነ መስክሯል።

አሁን የባዮሎጂ ተማሪ «ያየኸውን ሣል» ሲባል ትእዛዙ ከየት እንደ መጣ እናስተውላለን። ሥዕሉ የሚፈለገው ለውበቱ አይደለም፤ የሚሥል ሰው ሳያይ ማለፍ ስለማይችል ነው። «የጓደኛህን ሥዕል አትቅዳ» የሚለውም ለመልካም ጠባይ ብቻ የተነገረ አይደለም። የሌላውን ሥዕል የቀዳ ተማሪ ያላየውን ነገር አየሁ ብሎ በፊርማው የመሰከረ ሰው ነው፤ ይህም በፍርድ ቤት ቢሆን የሐሰት ምስክርነት ይባላል።

በ1892 ዓ.ም. የአሜሪካ የትምህርት ማኅበር፣ የሃርቫርዱን ፕሬዚዳንት ቻርልስ ኤልየትን ሊቀ መንበር አድርጎ፣ ዐሥር አባሎች ያሉበት ኮሚቴ አቋቋመ። ይህ ኮሚቴ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምን ምን ትምህርት እንዴት ይሰጥ የሚለውን መረመረ። ስለ ተፈጥሮ ትምህርት የተማከሩት ሊቃውንትም ተማሪው ከመጽሐፍ ይልቅ በቤተ ሙከራ እንዲሠራ፣ የሥራ ደብተር እንዲይዝና በጥንቃቄ እንዲሥል አሳሰቡ። በዚህ ዓይነት የሊቃውንቱ ልማድ የተራው ተማሪ ደንብ ሆነ።

ስለ ጥንቃቄ የወጡት ደንቦች ደግሞ ሌላ ምንጭ አላቸው፤ እነርሱን ያስጻፈው የሰው ጉዳት ነው። በ1893 ዓ.ም. አንድ ሐኪም የታይፎይድ በሽታ ረቂቅ ነፍሳት ያሉበትን ፈሳሽ በቀጭን ብልቃጥ በአፉ ሲስብ ሳያስበው እንደ ዋጠው ተመዝግቧል። ዛሬ በማናቸውም ቤተ ሙከራ ፈሳሽን በአፍ መሳብ ክልክል ነው። ቀድሞ በብዙ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ጣታቸውን ወግተው የደማቸውን ዓይነት ይመረምሩ ነበር፤ በ1980ዎቹ ዓመታት የኤድስ በሽታ ከታወቀ በኋላ ግን ብዙዎቹ ይህን ሥራ ትተውታል። ስለዚህ «አትብላ፤ አትጠጣ፤ ታጠብ» የሚለው ትእዛዝ የአስተማሪ ቍጣ አይምሰለን። የተጐዱ ሰዎች ለማያውቋቸው ልጆች የተዉት ምክር ነው።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ እስካሁን ያነሣኋቸው ደንቦች ሁሉ ዓይንን ለመክፈት ወይም ዓይንን ለመጠበቅ የወጡ ናቸው። በ1925 ዓ.ም. ግን ከዚህ የተለየ ደንብ ወደ ባዮሎጂ ክፍል ገባ። በአሜሪካ የቴነሲ ክፍለ ሀገር ምክር ቤት፣ ጆን በትለር በተባለ አባሉ አቅራቢነት፣ ሰው ከበታች እንስሳት ወገን የተገኘ ነው ብሎ በመንግሥት ትምህርት ቤት ማስተማርን የሚከለክል ሕግ አወጣ። ሕጉን የተላለፈ አስተማሪ ከ100 እስከ 500 ዶላር እንዲቀጣ ተወሰነ። እዚህ ላይ ስለ ሃይማኖት ለመፍረድ አልተነሣሁም፤ በዚያ ሙግት በሁለቱም ወገን እግዚአብሔርን የሚያምኑ ሰዎች ነበሩ። የማነሣው የደንቡን ጠባይ ነው።

ዴይተን በምትባል ትንሽ ከተማ ጆን ስኮፕስ የተባለ የ24 ዓመት ወጣት ያስተምር ነበር። ሥራው የኳስ አሠልጣኝነትና የሳይንስ አስተማሪነት ሲሆን፣ የባዮሎጂው አስተማሪ በታመመ ጊዜ ተተክቶ አስተምሯል። ይህ ወጣት ሕጉ በፍርድ ቤት እንዲፈተን ሲባል ለመከሰስ ፈቀደ። ምክሩ የተመከረው በከተማው መድኃኒት ቤት ውስጥ ነበር፤ የሚያስከስሰውም መጽሐፍ እዚያው መድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ ይሸጥ ነበር። ይህ መጽሐፍ የኒውዮርኩ አስተማሪ የጆርጅ ሀንተር የ1914 ዓ.ም. የባዮሎጂ መጽሐፍ ሲሆን፣ ክፍለ ሀገሩ ራሱ በትምህርት ቤቶች እንዲሠራበት ያዘዘው ነበር። እንግዲህ መንግሥት በአንድ እጁ መጽሐፉን እያዘዘ፣ በሌላው እጁ በመጽሐፉ ውስጥ ያለውን ትምህርት ከለከለ ማለት ነው። በመሥሪያ ቤት የዋለ ሰው እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ሁለት ትእዛዞች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሲገናኙ የሚሆነውን ያውቃል፤ መከራው የሚወድቀው በፈጻሚው ላይ ነው።

ችሎቱ በሐምሌ ወር ከ10 እስከ 21 ቀን 1925 ዓ.ም. ተካሄደ። ከከሳሽ ወገን ሦስት ጊዜ ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደረው ዊልያም ጄኒንግስ ብራያን፣ ከተከሳሽ ወገን ዝነኛው ጠበቃ ክላረንስ ዳሮው ቆሙ። የቺካጎ የራዲዮ ጣቢያ ክርክሩን በቀጥታ አስተላለፈው፤ በአሜሪካም በራዲዮ በቀጥታ የተሰማ የመጀመሪያው ችሎት ይህ ነበር። ተከላካዮቹ የሳይንስ ሊቃውንትን በምስክርነት አምጥተው ነበር፤ ዳኛው ግን ሊቃውንቱ የፍርድ መማክርቱ ባሉበት እንዳይመሰክሩ ከለከለ። መማክርቱ በዘጠኝ ደቂቃ ውስጥ ስኮፕስን ጥፋተኛ አሉት፤ 100 ዶላርም ተፈረደበት። በ1927 ዓ.ም. የበላዩ ፍርድ ቤት ቅጣቱን ሰረዘው፤ ምክንያቱ ግን መቀጫውን መወሰን የሚገባቸው መማክርቱ ሳሉ ዳኛው ስለ ወሰነው ነው እንጂ ሕጉን ስለ ነቀፈው አልነበረም። ሕጉ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ጸንቶ ቆየ።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰዎች የብርሃንና የጨለማ ጦርነት አድርገው ይተርኩታል። ነገር ግን እኛ አፍሪካውያን ልናልፈው የማይገባን አንድ ነገር አለ። ያ የተከሰሰበት የሀንተር መጽሐፍ የሰውን ዘር በአምስት ከፍሎ፣ ከሁሉ የበላይ ነጩ ዘር ነው ብሎ ያስተምር ነበር። አስቀድሜ ያመሰገንሁት አጋሲም፣ ጥቁር ሕዝብና ነጭ ሕዝብ ተለያይተው የተፈጠሩ ናቸው፤ ነጩም ይበልጣል ይል ነበር። ተማሪውን በአንድ ዓሣ ላይ ሦስት ቀን ያስቀመጠ ሰው፣ ስለ ሰው ልጅ ሲፈርድ የገዛ ደንቡን ለአንድ ሰዓት እንኳ አልጠበቀም። ሀንተርም ከማይክሮስኮፕ በታች ያላየውን ነገር በመጽሐፍ ጽፎ ለልጆች ሰጠ። የበትለር ሕግ ደግሞ ይህን የዘር ትምህርት አልከለከለም፤ የከለከለው ሌላውን ነው።

ታዲያ ስሕተቱን ያረመው ምንድር ነው? ያው የመጀመሪያው ደንብ፣ ማለት «ደግመህ ተመልከት» የሚለው ነው። የአጋሲ ተማሪዎች አብዛኛዎቹ መምህራቸው እስኪሞት ድረስ የተቃወመውን የዳርዊንን ትምህርት በማስረጃው ብዛት ተቀበሉ። በ1972 ዓ.ም. ደግሞ ሪቻርድ ሌዎንቲን የተባለው ሊቅ በልዩ ልዩ ሕዝቦች ደም ውስጥ ያሉትን ፕሮቲኖች አመዛዝኖ፣ በሰው ልጆች መካከል ካለው የውርስ ልዩነት ከመቶው 85 ያህሉ በዚያው በአንዱ ሕዝብ ውስጥ የሚገኝ እንጂ ሕዝብን ከሕዝብ የሚለይ አለመሆኑን አስረዳ። ሌዎንቲን በሃርቫርድ፣ አጋሲ ባስተማረበት ዩኒቨርሲቲ፣ ለብዙ ዓመታት ፕሮፌሰር ነበር። አበው «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ያሉት በዚህ ይታያል።

ከዴይተኑ ችሎት በኋላ የመጻሕፍት አሳታሚዎች ፈሩ። የሀንተር መጽሐፍ በ1926 ዓ.ም. ታድሶ ሲወጣ «ኢቮሉሽን» የሚለው ቃል ከውስጡ ወጥቶ ነበር። ሠላሳ ዓመት ያህል በብዙ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ነገሩ በዝምታ ታለፈ። በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን ወደ ሰማይ በላከች ጊዜ ግን አሜሪካውያን ደነገጡ፤ ልጆቻችን ምን እየተማሩ ነው ብለውም ጠየቁ። በ1958 ዓ.ም. የባዮሎጂን ትምህርት የሚያሻሽል የሊቃውንት ድርጅት በኮሎራዶ ተቋቋመ፤ በ1963 ዓ.ም. ሰማያዊ፣ ቢጫና አረንጓዴ እየተባሉ የሚጠሩ ሦስት የመማሪያ መጻሕፍት አወጣ። በእነርሱም ኢቮሉሽን ዋና መሠረት ሆኖ ተመለሰ፤ ቤተ ሙከራውም የትምህርቱ ልብ ሆነ።

በአርካንሳስ ክፍለ ሀገርም የቴነሲን የመሰለ፣ በ1928 ዓ.ም. በሕዝብ ድምፅ የወጣ ሕግ ነበር። በሊትል ሮክ ከተማ ማዕከላዊ ትምህርት ቤት የምታስተምር ሱዛን ኤፐርሰን የተባለች የባዮሎጂ አስተማሪ፣ አዲስ የታዘዘውን መጽሐፍ ብታስተምር ወንጀለኛ፣ ባታስተምር ሥራዋን ያጐደለች የምትሆን ስለ ሆነ ክስ አቀረበች። በ1968 ዓ.ም. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጉን ሻረው። ይህ ትምህርት ቤት በ1957 ዓ.ም. ዘጠኝ ጥቁር ተማሪዎች እንዲገቡበት ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ወታደር የላኩበት ያው ትምህርት ቤት ነው። በአንድ ሕንፃ ውስጥ፣ በዐሥራ አንድ ዓመት ልዩነት፣ ማን ይማር የሚለውና ምን ይማር የሚለው ሁለቱም ጥያቄዎች መልስ አገኙ።

ወረቀቱ ግን ከዚያም በኋላ መለወጡን አላቆመም። በ1987 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ አንዲት ተማሪ እንቁራሪት መቅደድ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም በማለቷ ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1988 ዓ.ም. የካሊፎርኒያ ሕግ፣ እንዲህ ያለ የኅሊና ተቃውሞ ያለው ተማሪ ከወላጁ ደብዳቤ ሲያመጣ፣ ትምህርቱ በሌላ መንገድ እንዲሰጠው ፈቀደ። ሀክስሊ የደከመው ተማሪው ሳያይ እንዳይመሰክር ነው፤ እንስሳው ራሱ የግድ እንዲቀደድ አይደለም። ስለዚህ ዋናው ዓላማ ሳይፈርስ መንገዱ ተለወጠ።

አድማጮች ሆይ፤ ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት ከባዮሎጂ ክፍል በር ያልፋል። መልካም ደንብ ምክንያቱን ሲጠይቁት መልስ አለው። ለምን ልታጠብ ቢሉት በበሽታው የተያዘውን ሰው ያሳያል፤ ለምን ልሣል ቢሉት ዓሣውን ያሳያል። መጥፎ ደንብ ግን ምስክር እንዳይሰማ ችሎቱን ይዘጋል። ደንብ አውጪውም ቢሆን ሊቅ በመሆኑ ብቻ ከደንቡ በላይ አይሆንም፤ አጋሲና ሀንተር የወደቁት በዚህ ነውና።

እንግዲህ ልጃችሁ ያን ወረቀት ይዞ ሲመጣ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ጥቂት ደቂቃ አብራችሁ ተቀመጡ። እያንዳንዱን ደንብ እያነበበ፣ ይህ ለምን ታዘዘ ብላችሁ ጠይቁት። የሚያውቀውን ይንገራችሁ፤ የማያውቀውንም በማግሥቱ አስተማሪውን ጠይቆ እንዲመጣ ንገሩት። መልሱን ይዞ ሲመለስ ብዕራችሁን አንሡና ፈርሙ፤ ያን ጊዜ ፊርማው የእናንተም የእርሱም ይሆናል።